ባለ ረጅም ጥፍሯ ሽሩ ሀገር፦ ከስሪላንካ ደጋ የጉዞ ማስታወሻ

እሁድ፣ ካንዲ

ስሪላንካ የሚሄድ ሰው ወይ ለባህር ዳሩ ነው ወይ ለዝሆኑ፣ ኪሱ ከፈቀደለት ደግሞ ያላ ፓርክ ገብቶ ነብር ለማየት። እኔ ግን የመጣሁት ክብደቷ 35 ግራም ገደማ ለሆነች፣ የሀገሬው ሰው ራሱ አብዛኛው አይቷት ለማያውቃት ፍጥረት ነው። ሻርጃ አብራኝ የምትኖረው ልጅ ትኬት ስቆርጥ አይታ "ለአይጥ ብለሽ ነው ይሄን ሁሉ ድርሃም?" ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም አይጥ አይደለችም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ ግን መሃል ላይ ስልኳን አንስታ ወጣች። በቃ እዚህ ላስረዳ።

ሽሩ የሚባሉት አፍንጫቸው የሾለ፣ ዓይናቸው ካልተጠጉ የማይታይ፣ ፀጉራቸው አጭርና ለስላሳ የሆነ ትንንሽ አጥቢዎች ናቸው። አይጥ ፊት ለፊት ያለው ጥርሷ እህል ለመፈርፈር ነው፣ ሽሩ ግን ሥጋ በል ናት፣ ትልና ነፍሳት ነው ምትበላው። በዘር ሐረግም ካየነው ከአይጥ ይልቅ ለሌሊት ወፍና ለላም ትቀርባለች፣ ይሄን ስነግራቸው የማያምኑኝ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔ የምፈልጋት ፌሮኩለስ ፌሮኩለስ ትባላለች፣ የኬላርት ባለ ረጅም ጥፍር ሽሩም ይሏታል። ኤድዋርድ ፍሬድሪክ ኬላርት እዚሁ ሲሎን (የስሪላንካ የድሮ ስሟ ነው) የተወለደ የእንግሊዝ ጦር ሐኪም ነበር፣ በሽተኛ ከማከሙ ጎን ለጎን አውሬና ወፍ ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው፣ ይቺንም ለሳይንስ ያስተዋወቃት እሱ ነው፣ 1850 ላይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። በጂነሷ (ተቀራራቢ ዝርያዎች አብረው የሚመደቡበት ወገን) ውስጥ እህት ዝርያ የላትም፣ ብቻዋን ናት። የመጥፋት አደጋ ላይ ካሉት ውስጥ ተመዝግባለች።

ካንዲ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፣ ሙቀት፣ ትራፊክ፣ የቡድሃ ጥርስ ቤተ መቅደስ በር ላይ ረጅም ሰልፍ። ሽሩዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ሳይደረስ አትገኝም፣ ካንዲ ደግሞ 500 ሜትር ላይ ናት።

ሰኞ፣ በባቡር ወደ ኑዋራ ኤሊያ

ጠዋት ባቡር ተሳፈርኩ፣ በር ላይ ተንጠልጥሎ ሰልፊ የሚያነሳው ቱሪስት ብዛቱ! ለኑዋራ ኤሊያ እስከሚወረድበት ጣቢያ፣ ናኑ ኦያ፣ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከወጣን በኋላ መስኮቱ ሁሉ ሻይ ነው፣ ሻይ፣ ሻይ፣ እንደገና ሻይ፣ ተራራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከርክሞ። ሰው ይሄን ሲያይ "እንዴት አረንጓዴ ነው" ይላል፣ እኔ ግን እያየሁት ትንሽ ከፋኝ፣ ምክንያቱም ይሄ ሁሉ ከመቶ ሰባ ሰማንያ ዓመት በፊት ደን ነበር፣ መጀመሪያ የጨረሰው ደግሞ ሻይ አይደለም፣ ቡና ነው። አዎ፣ አረቢካ፣ ከኛው ጫካ የወጣው ቡና። እንግሊዞች ሲሎን ላይ ደኑን እየመነጠሩ ቡና ተከሉ፣ ደህና ብር አገኙበት፣ ከዛ 1869 ላይ የቡና ዝገት የሚባለው የቅጠል በሽታ ገባና በጥቂት ዓመታት ውስጥ እርሻውን ጨረሰው። ጄምስ ቴይለር የሚባል ስኮትላንዳዊ ቀድሞ 1867 ላይ ሉልኮንዴራ የሚባል ቦታ ሻይ ጀምሮ ስለነበር ሁሉም ወደ ሻይ ዞረ። ቡናው ሲሞት ደኑ አልተመለሰም ማለት ነው፣ ሻይ ወረሰው፣ ሻይ ደግሞ ከቡናም ከፍ ብሎ ወደ ብርዱ ይወጣል። ለሽሩዋ የተረፈላት ጫፍ ጫፉ ነው።

ኑዋራ ኤሊያ 1,868 ሜትር ላይ ነች፣ ቀይ ፖስታ ቤት፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ፣ ሐይቅ፣ ትንሿ እንግሊዝ ይሏታል። ብርዱ አዲስ አበባን አስታወሰኝ፣ የክረምቱን። የገልፍ ሙቀት ለለመደ ሰው ጃኬት መልበስ ራሱ ደስ ይላል።

ማታ ያደርኩበት ቤት ኩሽና አጠገብ አንድ ሽታ መጣ፣ ሙስክ የሚሉት ዓይነት ከባድ ሽታ፣ ከዛ ግድግዳው ሥር ጢው ጢው የሚል ድምፅ። አስተናጋጁ ልጅ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አድርጎ "ሂክ ሚያ፣ ሂክ ሚያ" አለኝ። የቤት ሽሩዋ ናት፣ ሰንከስ ሙሪነስ፣ ትልቅ ናት፣ በመርከብ እየተሳፈረች ከእስያ እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ፣ ማዳጋስካርና ዓረብ ሀገር ድረስ የደረሰች ዝርያ። ሽታው ጎንና ጎኗ ካሉት ዕጢዎች ነው ሚመጣው። ከሰው ጋር መኖር የቻለችው የትም ትገኛለች፣ የኔዋ ግን ከሰው ጋር መኖር አልቻለችም፣ ልዩነቱ ይሄ ነው።

ማክሰኞ፣ ሀክጋላ

በባጃጅ ሀክጋላ ሄድኩ (ባጃጅ እዚህም አለ፣ ቱክ ቱክ ይሉታል)። የዕፅዋት ማዕከሉ 1861 ላይ የተቋቋመው ለወባ መድኃኒት የሚሆነውን የሲንኮና ዛፍ ለመሞከር ነበር፣ አሁን የጽጌረዳ አትክልት ነው፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል። ከጀርባው ግን ጥብቅ ክልል የሆነ ደን አለ፣ መግባት አይቻልም፣ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ነው ያየሁት። ዛፎቹ አጫጭር፣ ግንዳቸው የተጣመመ፣ ላያቸው ላይ የዛፍ ሽበት የተንጠለጠለበት። ፊተ ወይን ጠጅ የሚባሉት ጦጣዎች፣ የደጋዎቹ ፀጉራሞች፣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ነበር፣ ቱሪስቱ ሁሉ ወደ ላይ አንጋጦ።

ማታ ላይ ያነበብኩትን እዚህ ላስገባ። ከኬላርት በኋላ ስለ ሲሎን ሽሩዎች ብዙ የሠራው ደብሊው ደብሊው ኤ ፊሊፕስ የሚባል ሰው ነው፣ ሥራው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሻይ ተካይ ነው። ክሮሲዱራ ሚያ የምትባለውን ባለ ረጅም ጅራት ሽሩ 1929 ላይ፣ ሆርተን ፕሌንስ የምትገኘውን ትንሽዬዋን ሰንከስ ፌሎውስጎርዶኒን ደግሞ 1932 ላይ የገለጻቸው እሱ ነው። ከሱ በፊት 1924 ላይ ኦልድፊልድ ቶማስ የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ ሌላ ባለ ረጅም ጥፍር ገልጿል፣ ሶሊሶሬክስ ፒርሶኒ፣ እሷም ብቸኛ ጂነስ ናት። አንድ ትንሽ የደጋ ደሴት ላይ ብቻቸውን የቀሩ ሁለት ጂነሶች! (ፌሮኩለስ በኋላ ደቡብ ሕንድ ተራሮች ላይም ተገኝታለች፣ ሶሊሶሬክስ ግን የስሪላንካ ብቻ ናት።) ለእርሻ ደን የሚመነጥረው ሰውዬ በዛው እጁ ደኑ ውስጥ ያለውን መመዝገቡ ያናድዳል ወይስ ያስመሰግናል፣ እኔ እስካሁን አልወሰንኩም።

ረቡዕ፣ ሆርተን ፕሌንስ

ሌሊት አሥር ሰዓት ተነሳሁ፣ ምክንያቱም ጉሙ ጠዋት ሦስት አራት ሰዓት ላይ ሁሉንም ይሸፍነዋል ብለውኛል። ፓርኩ 2,100 ሜትር አካባቢ ላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው፣ ስፋቱ 31 ካሬ ኪሎ ሜትር ከምናምን፣ 1988 ላይ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በር ላይ ጠባቂዎቹ ቦርሳ ይፈትሻሉ፣ መሳሪያ አይደለም ሚፈልጉት፣ ፕላስቲክ ነው። የኔን የውሃ ጠርሙስ ወስዶ ላዩ ላይ ያለውን ወረቀት በጥፍሩ ላጠው፣ የቢስኩቱን ላስቲክ ቀዶ ቢስኩቱን ጋዜጣ ላይ ደፋልኝ፣ ከኋላዬ ያለችው ፈረንጅ ቺፕሷ ሲገለበጥ ስታይ ልታለቅስ ነበር። እኔ ወደድኩት። ቆሻሻ ቁራ ይጠራል፣ ቁራ ደግሞ እዛ ያሉትን ትንንሽ እንስሳት ይለቅማል።

መንገዱ ወደ 9 ኪሎ ሜትር የሚሆን ዙር ነው። ሰው ሁሉ የሚሮጠው "የዓለም ጫፍ" ወደሚሉት ገደል ነው፣ ከ800 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ነው፣ እውነትም ያስደነግጣል። እኔም ደርሼ አየሁ፣ ፎቶ አነሳሁ፣ ሆኖም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር፣ ገደሉ ጋር ከመድረሳችሁ በፊት ያለው ረግረግ ላይ።

እዛ ረግረግ ጋ ልቆይ ትንሽ። ሜዳውና ደኑ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ውሃ ተኝቶበት ጨፌ ይሆናል፣ ዳሩን ድንክ ቀርከሃ ይዞታል፣ አፈሩ ጥቁር ነው፣ ሥሩና ቅጠሉ ሳይበሰብስ ለዘመናት የተከማቸበት። ከእንጨቱ ድልድይ ላይ ተደፍቼ እጄን አስገባሁ፣ ላዩ እንደ ረጠበ ፍራሽ ይሰረጉዳል፣ ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፣ ሁለት ጣቴ እስከ አንጓው ድረስ ምንም ሳያግደው ገባ፣ ሳወጣው ጉድጓዱ ወዲያው ቡናማ ውሃ ሞላ። አንድ የመሬት ትልም አብራ ወጣች፣ ቀጭን፣ ሮዝ መሳይ። ያኔ ነው ስለ ጥፍሩ ያነበብኩት በደንብ የገባኝ። ፌሮኩለስ አካሏ 11 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፣ ጅራቷ ከዛ ግማሽ ትንሽ የሚበልጥ፣ ፀጉሯ ጥቁር ግራጫ፣ የፊት እግሮቿ ግን ከአካሏ ጋር የማይመጣጠኑ ትልልቅ፣ ነጣ ያሉ፣ ረጃጅም ጥፍር ያላቸው። የኛ ፍልፈል ዘመኗን የምትቆፍረው ደረቅ መሬት ነው፣ ዋናው መሣሪያዋም ጥርሷ ነው። እዚህ ግን ጠንካራ መሬት የለም፣ የሚያስፈልገው የራሰውን አፈርና የረገፈውን ቅጠል እየገለጡ ትልና ነፍሳት ማውጣት ነው፣ ለዛ ደግሞ ረጅም ጥፍር በቂ ነው። አፈሩ ቢደርቅስ? ትሉ ይጠፋል፣ ጥፍሩም ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ሌላ ቦታ ሄዳ ልኑር ብትል ደግሞ ከታች ያለው ሻይ ነው።

ፓርኩ የሦስት ትልልቅ ወንዞች መነሻ ነው፣ ማሃወሊ፣ ኬላኒና ዋላዌ። ስሪላንካ የምትጠጣውና መብራት የምታበራበት ውሃ ከዚህ ጨፌ ነው የሚንጠባጠበው ማለት ይቻላል። እንግሊዞች ግን ወንዞቹ ውስጥ ለዓሣ ማጥመድ መዝናኛ ብለው ትራውት ለቀቁበት፣ በኋላ 1960ዎቹ ላይ ደግሞ ሜዳውን አርሰው የድንች ዘር ተከሉበት፣ ቢጫ አበባ ያለው እሾሃማ የአውሮፓ ቁጥቋጦም ገብቶ አሁን ድረስ ይስፋፋል። ደኑ ውስጥ ደግሞ ከጫፍ ጀምሮ የሚደርቁ ዛፎች አሉ፣ ቶቱፖላ ተራራ ዳር ላይ ነጫጭ ግንድ ብቻ የቆመበት ቦታ አየሁ። ዛፉ ከላይ ሲራቆት ፀሐይ መሬቱን ታገኘዋለች፣ እርጥበቱ ይሄዳል። ፓርኩ ለእይታው ጥሩ ተጠብቋል፣ ሳምባር የሚባለው ትልቅ አጋዘን መኪና ማቆሚያው ድረስ መጥቶ ሰው ይለምናል። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከመሬት በታች ያለው ነው፣ እሱን ማንም ቲኬት ቆርጦ አያየውም።

ስንመለስ ፏፏቴ አለ፣ የቤከር ፏፏቴ። ሳሙኤል ቤከር ነው፣ እንግሊዛዊው አሳሽ፣ አዎ ያው ቤከር፣ እኛ ሀገር የመጣው! 1848 ላይ ኑዋራ ኤሊያ ሰፍሮ ሲያርስና ዝሆን ሲያድን ቆየ፣ 1855 ላይ ለቆ ሄደ፣ ከዛ 1861 እና 62 ላይ የዓባይን ገባሮች፣ አትባራን ተከትሎ ሰቲትን፣ አንገረብን፣ ራሃድንና ዲንደርን እያየ ዞረ፣ 1864 ላይ አልበርት ሐይቅ ደረሰ። ሁለቱም ቦታ የተከተለው የውሃ መነሻ መሆኑ ገረመኝ፣ ሁለቱም ቦታ ላይ ደግሞ ብዙ አውሬ ገድሏል።

ሽሩ አየሽ ወይ? አላየሁም። ከመንገዱ መውጣት ክልክል ነው፣ ክልከላውም ልክ ነው፣ በዛ ጨፌ ላይ በየቀኑ ሺህ ጫማ ቢረግጥበት ምን ይቀራል።

ሐሙስ፣ ፓቲፖላ

ፓቲፖላ የሀገሪቱ ከፍተኛው የባቡር ጣቢያ ያለባት መንደር ናት፣ 1,890 ሜትር ገደማ። ቀኑን ሙሉ ዘነበ። ያረፍኩት አንዲት ሴትዮ ቤት ነው፣ አካ እላታለሁ፣ በነሱ ታላቅ እህት ማለት ነው፣ ሃምሳ አልሞላትም። ስገባ እንግሊዝኛዋ ጥቂት ነበር፣ የኔ ሲንሃላ ዜሮ፣ ከዛ በስልክ ዓረብኛ ሳወራ ሰምታ "ኢንቲ ሚን ኩዌት?" (ከኩዌት ነሽ?) ብላ ጮኸች። አሥር ዓመት ኩዌት ቤት ሠራተኛ ሆና ሠርታለች። በቃ ከዛ በኋላ በኩሽና ዓረብኛ እስከ ሌሊት ወሬ፣ ስለ ማዳሞቹ፣ ስለ ደሞዝ፣ አብረዋት ስለሠሩ ሐበሾች፣ አንዷ ሽሮ አስቀምሳታለች፣ "ዱቄቱ ጥሩ ነው፣ በርበሬያችሁ ግን ከኛ ያንሳል" አለችኝ፣ ይሄን ለመከራከር አልቻልኩም፣ የነሱን ቀምሻለሁ።

የአካ ጓሮ ባሮ ሽንኩርት፣ ካሮትና ድንች ነው፣ እርሻው ሽቅብ ሄዶ ደኑ ጫፍ ላይ ያልቃል፣ አጥር እንኳን የለም። ከፍታው ሽሩዋ ልትኖርበት የምትችልበት ነው። መድኃኒት ትረጫለች፣ ሁሉም ይረጫል፣ ሳይረጩ ምርት የለም አለችኝ። የሚረጨው ደግሞ ለነፍሳት ነው፣ ነፍሳቱ ደግሞ የማን እራት እንደሆነ ግልጽ ነው። ሽሩ ብዙ ሳትበላ መቆየት አትችልም፣ አካሏ ትንሽ ስለሆነ ሙቀቷ ቶሎ ይባክናል፣ በዛ ላይ ሌሊቱ እዚህ ጥርና የካቲት ላይ አመዳይ እስኪጥል ይበርዳል። ስለ ልጆቻቸውም ነገርኳት፣ የነዚህ ወገን የሆኑት ሰንከስና ክሮሲዱራ ልጆቻቸውን ሲያጓጉዙ አንዱ የእናትየውን ጅራት ሥር ይነክሳል፣ ሌላው የሱን፣ እንዲህ ተቀጣጥለው በሰልፍ ይሄዳሉ። አካ "ዋላህ?" ብላ ሳቀች፣ ከዛ አንድ ጊዜ ባሮ ሽንኩርቱ መሃል እባብ መስሏት በመጥረጊያ ልትመታው ያለችው ነገር ሲበታተንባት እንዳየች ነገረችኝ። መቀመጤን ትቼ ተነሳሁ! የት ጋ? መቼ? ድሮ ነው አለች፣ እናቷ በሕይወት እያለች።

እኛም ጋ አለ እኮ አልኳት፣ ባሌ፣ ሐረና ጫካ ውስጥ ብቻ የምትገኝ ክሮሲዱራ አለች፣ 1990 ላይ ነው የተገለጸችው፣ እኔ ባዮሎጂ ስማር ስሟን የነገረኝ አስተማሪ አልነበረም፣ ቀይ ቀበሮና ኒያላ ብቻ ነበር ሚወራው።

ዓርብ፣ ፓቲፖላ

ጠዋት አካ "ሹፊ! ሹፊ!" (እዪ! እዪ!) እያለች የክፍሌን በር ደበደበችው። በረንዳው ላይ፣ ጫማዬ አጠገብ፣ የሞተች ሽሩ። ድመቷ ናት ያመጣቻት፣ አልበላቻትም፣ ድመት ሽሩ ትገድላለች እንጂ አትበላም፣ ሽታውን አትወደውም። "ሙ ፋር" አለች አካ፣ አይጥ አይደለችም ማለቷ ነው፣ ትላንት ያስተማርኳትን እየመለሰችልኝ።

በወረቀት አንስቼ ብርሃን ላይ አስቀመጥኳት። ጥቁር ቡናማ ፀጉር፣ ዝናቡ አርጥቦት በቁንጥር በቁንጥር የተጣበቀ። ጅራቷ ላይ አጭሩ ፀጉር መሃል ለብቻቸው የቆሙ ረጃጅም ፀጉሮች። አፏን በክብሪት እንጨት ከፍቼ በስልኬ አጉልቼ አየሁት፣ ጥርሷ ነጭ ነው፣ ጫፉ ቀይ አይደለም (ብዙዎቹ የሰሜን ሀገር ሽሩዎች ጥርሳቸው ውስጥ ብረት ስላለ ጫፉ ይቀላል፣ እነዚህ ግን ነጮች ናቸው)። ከላይ ከፊት ካለው ትልቁ ጥርስ ኋላ ያሉትን ባለ አንድ ጫፍ ትንንሾች ቆጠርኩ፣ አራት፣ አራተኛዋ በጣም ትንሽ። ክሮሲዱራ ብትሆን ሦስት ነበር የሚሆነው። ከዛ ልቤ እየመታ የፊት እግሯን ገለጥኩ፣ ጥፍሯ አጭር ነው፣ እግሯም ትንሽ። ፌሮኩለስ አይደለችም፣ ከሰንከስ ወገን ናት፣ ምናልባት የደጋዋ ሰንከስ ሞንታነስ። አካ ፊቴን አይታ "ዘዕላን?" አለችኝ፣ አዝነሻል ወይ። ትንሽ አዎ፣ ግን ደግሞ የኔዋ ሳትሆን በመቅረቷ ደስ ያለኝ ጎንም ነበር፣ የሷን ሬሳ ድመት አፍ ውስጥ ማየት ነበር እንዴ የመጣሁበት?

ሀሳቤ ከዚህ ወደ ሲንሃራጃ ወርጄ ክሮሲዱራ ሂክሚያ ያለችበትን የቆላ ደን ማየት ነበር፣ እሷ 2007 ላይ ነው አዲስ ዝርያ መሆኗ የታወቀው፣ ነገር ግን ዝናቡ አልቆመም፣ እዛ ደግሞ አልቅቱ በዝናብ ጊዜ አያስጠጋም አሉኝ። ይሄዳል ያለ ከጥር እስከ መጋቢት ይሂድ፣ ጃኬት ይያዝ፣ ቢስኩቱንም በጨርቅ ይጠቅልል።

ባቡሬን ስጠብቅ አካን ለድመቷ አንገት ላይ ደወል እሰሪላት አልኳት።

"እና አይጡን ማን ይያዝልኝ? ድንቼን ሁሉ በልቶ ይጨርሰዋል።"

"ሽሩዋ እኮ ድንች አትበላም፣ ድንችሽን የሚበላውን ትል ነው ምትበላልሽ።"

"እሱን ለድመቷ ንገሪያት።"

ትንሽ ቆይታ ግን እሺ፣ ማታ ማታ ኩሽና ውስጥ እዘጋባታለሁ አለችኝ። አላመንኳትም፣ የኩሽናው በር መቀርቀሪያ የለውም፣ እኔ ራሴ ሌሊት ሻይ ላፈላ ስገባ በድንጋይ ደግፌ ነው የዘጋሁት።